ወደ ድሮው የባንድ ስምህ ልትመለስ ስታስብ ምን ምን ታደርጋለህ

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ጓደኛዬ ማታ ደውሎ "ባንዱን ልመልሰው ነው" አለኝ። ባንዱን ሲል ስሙን ማለቱ ነው፣ ምክንያቱም ከአራቱ ልጆች ሁለቱ ውጪ ሀገር ናቸው፣ አንደኛው ሙዚቃ ትቶ ንግድ ውስጥ ገብቷል፣ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ለስንት ዓመት በራሱ ስም ሲሰራ ቆይቶ በሄደበት ሁሉ "ያ ባንዳችሁ የት ገባ" ሲሉት ልቡ ተነሳ። እኔም ዝም ብዬ በርታ ከምለው ብዬ የማውቀውን ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት፣ ይሄው እሱኑ ትንሽ አስፍቼ ነው የማስቀምጠው፣ እንደሱ ለሚያስብ ሁሉ።

በመጀመሪያ ለምን እንደምትመለስ ለራስህ እወቀው። ይሄን ስል ሁሌ የሚመጣብኝ ፊል ኤልቭረም የሚባል ሙዚቀኛ ነው፣ አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አናኮርተስ የምትባል ትንሽ የባህር ዳር ከተማ ልጅ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ዘ ማይክሮፎንስ በሚል ስም ጀመረ፣ ስሙ ባንድ ይምሰል እንጂ የሚጽፈውም የሚቀዳውም በዋናነት እሱ ነው፣ ጓደኞቹ ገባ ወጣ እያሉ ያግዙታል። ስሙ በጣም በተወደደበት ሰዓት በ2003 ማውንት ኢሪ የሚል አልበም አወጣና የድሮውን ስም እዛው ትቶት ከዛ ወዲህ ራሱን ማውንት ኢሪ ብሎ ቀጠለ፣ ከከተማው አጠገብ ካለች ተራራ የመጣ ስም ነው። ከ16 ዓመት በኋላ በ2019 ክረምት እዛው ከተማው ውስጥ በድሮው ስም ተጫወተ፣ በ2020 ነሐሴ ላይ ደግሞ በማይክሮፎንስ ስም አንድ ትራክ ብቻ ያለው 44 ደቂቃ የሚፈጅ አልበም አወጣ። ስለምን ነው የሚያወራው? ስለዛ ስም ራሱ፣ ስለ ወጣትነቱ፣ ያኔ የነበረው ልጅና የአሁኑ ሰውዬ አንድ ናቸው ወይ የሚለውን ነው የሚጠይቀው። ከዛ በ2024 አዲስ አልበም ሲያወጣ ተመልሶ ማውንት ኢሪ ነው ያለው። ማለት ስሙን የወሰደው በዛ ስም ብቻ የሚባል ነገር ስለነበረው ነው፣ ሲጨርስ መልሶ አስቀመጠው። እኔ ከዚህ የተሻለ አመላለስ አላየሁም።

ስለዚህ አዲሶቹን ዘፈኖችህን ያዝና ባንዳችሁን ድሮ በደንብ ለሚያውቅ ሰው አሰማው፣ ማን እንደሰራው ሳትነግረው። "ይሄማ የእናንተ ነው" ካለህ ስሙ ይመጥነዋል። "ቆንጆ ነው ግን ሌላ ነገር ነው" ካለህ በራስህ ስም አውጣው፣ ምንም አይጎዳህም። ስም ዘመን ይይዛል። አይቤክስ ባንድ ሮሃ ባንድ ሆኖ ቀጠለ አይደል፣ ግን የሙዚቃ ሰው አይቤክስ ሲልህ አንድ ዘመን ሮሃ ሲልህ ሌላ ዘመን ነው የሚታይህ፣ ተጫዋቾቹ ተቀራራቢ ሆነው እንኳን።

ሁለተኛው ሰዎቹ ናቸው፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጠው የምለው ይሄን ነው። ስሙን አንተ ብታወጣውም፣ ዘፈኑን ሁሉ አንተ ብትጽፈውም፣ ከበሮ የመታው ልጅ ያንን ስም "የኔ" ብሎ ነው የኖረው። ቴክስት እንዳትልክ። እዚህ ያለውን ሂድና ቡና ጠጡ፣ ውጪ ያለውን በቪዲዮ ደውልለት፣ ፖስተር ከመሰራቱ በፊት እንጂ ከተለጠፈ በኋላ አይሁን። መጀመሪያ "አብረኸኝ ትጫወታለህ ወይ" በል፣ ፈቃዱን ከዛ በኋላ ጠይቅ፣ ቅደም ተከተሉ ለሰውዬው ብዙ ነገር ነው። ከመሃላችሁ በህይወት የሌለ ካለ ደግሞ ቤተሰቡ ጋር ሂድ፣ እናቱ ከሰው አፍ ከምትሰማው ካንተ ትስማ።

ከተስማማችሁ በኋላ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉና ፈርሙ። ስሙን ለአዲስ ቅጂ ማን ይጠቀማል፣ ለኮንሰርትስ፣ ለቲሸርትስ፣ የድሮዎቹ ዘፈኖች ገቢ እንዴት ይከፈላል፣ አንዱ ነገ ልመለስ ቢል ምን ይሆናል። ጓደኛሞች ነን ወረቀት ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። የእንግሊዞቹ ሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይዶችም ከተማሪነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ ጓደኛሞች ነበሩ፣ ቤዝ የሚጫወተው ሮጀር ዋተርስ በፈረንጆቹ 1985 ወጥቶ የቀሩት በስሙ እንዳይጠቀሙ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1987 መጨረሻ ነው የተስማሙት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በ2013 ራሱ መክሰሴ ልክ አልነበረም ብሏል።

ህጉን በአጭሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የባንድ ስም እንደ ንግድ ምልክት አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ይመዘገባል፣ በአዋጅ 501/1998 መሰረት፣ ጥበቃው 7 ዓመት ነው፣ ከዛ እየታደሰ ይሄዳል። አሜሪካ ከሆንክ ምዝገባው 10 ዓመት ነው፣ ግን ስሙን በተከታታይ 3 ዓመት ካልሰራህበት እንደተወከው ሊቆጠር ይችላል፣ እና ባንዱ ከፈረሰ ቆይቶ ከሆነ መሃል ላይ ሌላ ሰው ስሙን ይዞት እንደሆነ ፈልግ። የንግድ ምልክት ሲመዘገብ ዕቃና አገልግሎት በቁጥር ይከፋፈላል፣ ኮንሰርትና መዝናኛ የሚገባው ክፍል 41 ውስጥ ነው። ደግሞ የስሙ መብትና የዘፈኖቹ መብት ለየብቻ ናቸው፣ ስሙን አገኘህ ማለት የድሮውን አልበም እንደገና ማውጣት ትችላለህ ማለት አይደለም፣ የቅጂውን ገንዘብ የከፈለው ማን ነው፣ ውሉ ምን ይላል፣ እሱን እይ።

አሁን ኦንላይኑ፣ ሰው ሁሉ የሚቸገርበት። ከሁሉም በፊት የድሮ ፓስወርዶችን ሰብስብ። የዩቲዩብ ቻናሉ በማን ኢሜይል ነው የተከፈተው? ፌስቡክ ፔጁስ? እኔ ራሴ ድሮ የነበርኩበት ባንድ ቻናል እስካሁን የተዘጋብን ማንም በማያስታውሰው ኢሜይል ስለተከፈተ ነው፣ እዛ ላይ ያሉት ቪዲዮዎች ላይ እስከዛሬ እጃችን አይደርስም፣ በጣም ነው የሚቆጨኝ።

ቀጥሎ የስሙ የላቲን አጻጻፍ። የኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሶስት አራት አይነት ይሆናል፣ አንዱ ጸን በቲና ኤስ ሌላው በቲ ብቻ ይጽፈዋል፣ እና እያንዳንዱ አጻጻፍ የሙዚቃ ማዳመጫው ስፖቲፋይ ላይ ሌላ የአርቲስት ፔጅ ሊከፍት ይችላል። ድሮ የነበረውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ያዝ፣ ቢያስጠላህም። ዲስትሪቢውተሩ፣ ማለት ዘፈንህን ወደ ስፖቲፋይና መሰሎቹ የሚያስገባልህ ድርጅት፣ ላይ ስትጭን ይሄ አርቲስት ፔጅ አለው ወይ ብሎ ሲጠይቅህ የድሮውን ፔጅ ሊንክ ስጠው፣ ዝም ብለህ ካለፍከው ወይ ባዶ አዲስ ፔጅ ይከፈታል ወይ ዘፈንህ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ሰው ላይ ይወድቃል። የድሮውን አልበም በአዲስ ዲስትሪቢውተር የምታስገባ ከሆነ ደግሞ የእያንዳንዱን ዘፈን አይኤስአርሲ ኮድ፣ ያቺን ቅጂው የሚታወቅባትን 12 ፊደልና ቁጥር፣ እንዳለች ተጠቀም፣ አዲስ ካሰጠህ የቆየው የስትሪም ቁጥር፣ ስንቴ እንደተሰማ የሚያሳየው፣ አብሮህ ላይመጣ ይችላል። የሶሎ ፔጅህን ስሙን ቀይረህ ባንድ አታርገው፣ በራስህ ስም የተወደደው ዘፈን እዛው ይቆይ፣ ሁለቱን ፔጆች ባዮ ላይ አገናኛቸው። ስፖቲፋይ ራሱ ለሚያዘጋጃቸው የዘፈን ዝርዝሮች፣ ለፕሌይሊስት፣ ለማቅረብ ዘፈኑ ከመውጣቱ ቢያንስ 7 ቀን በፊት መግባት አለበት፣ አንተ ግን አንድ ወር ስጠው፣ ፔጅ ማስተካከል ጊዜ ይበላል።

ስታሳውቅ እውነቱን ተናገር። ብቻህን ከሆንክ ብቻዬን ነኝ በል፣ ፖስተሩ ላይ መድረክ የሚወጡትን ሰዎች ስም ጻፍ፣ የድሮውን የአራታችሁን ፎቶ ለጥፈህ ብቻህን አትውጣ፣ ሰው ትኬት የገዛው ያንን ቤዝ ለመስማት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ዝግጅት ትንሽ ቤት ይሁን፣ ከተቻለ ድሮ የምትጫወቱበት ሰፈር። በአዲስ ዘፈን አትክፈት፣ ሁሉም በሚያውቀው አንድ ዘፈን ጀምርና ከዛ አዲሱን አስከትል።

ጓደኛዬ የጻፍኩለትን ካነበበ በኋላ ለልጆቹ ደወለላቸው። ንግድ ላይ ያለው "ስሙን ውሰደው፣ ግን የመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት ወንበር ያዝልኝ" አለው፣ ውጪ ካሉት አንዱ የቤዙን መስመር ከቤቱ ቀድቶ እየላከለት ነው፣ ሌላኛው ገና አልመለሰም፣ እሱ እስኪመልስ ፖስተሩ ቆሟል።