ጀልባ አውቶቡስ አይደለም፦ በዳልማሺያ ዳርቻ ከጓደኞች ጋር ስትጓዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዳልማሺያ የሚባለውን የክሮኤሽያን የባሕር ዳርቻ በሸራ ጀልባ ለመጀመሪያ ጊዜ የዞርነው ስድስት ሆነን ነው። ከመሄዳችን ሁለት ወር በፊት አንዱ ጓደኛችን በኤክሴል ፕሮግራም አወጣ። እሑድ ህቫር፣ ሰኞ ኮርቹላ፣ ማክሰኞ ዱብሮቭኒክ፣ መልስ በቪስ በኩል። በየከተማው የምንደርስበት ሰዓት ሳይቀር ተጽፏል። ሰኞ ጠዋት ያ ወረቀት የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ሆኖ አገኘሁት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሰን ሄደናል። እኛ የሠራናቸውን፣ ሌሎችም ሲሠሩ ያየናቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ርቀትን ካርታ ላይ በጣት መለካት

መነሻችን ስፕሊትና ዱብሮቭኒክ ካርታ ላይ ጎረቤት ይመስላሉ። በባሕር ግን ከ100 የባሕር ማይል በላይ ይራራቃሉ። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። የኪራይ ሸራ ጀልባ ነፋስ ሲቀናው በሰዓት 5፣ ቢበዛ 6 የባሕር ማይል ይሄዳል። በ5 አስቡት፤ ደርሶ መልሱ 40 ሰዓት ያልፋል። እንግዲህ ዋናው፣ ምሳው፣ ከተማ መዞሩ መቼ ሊሆን ነው?

የኪራይ ሳምንት የሚባለውም ሙሉ ሳምንት እንዳይመስላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ትረከባላችሁ። ርክክቡና አስቤዛው እስኪያልቅ ይመሻል። አርብ ማታ ደግሞ መነሻችሁ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ላይ መገኘት አለባችሁ፤ ቅዳሜ ሌላ ቡድን ይጠብቃላ።

ከመካከላችሁ «ዱብሮቭኒክን ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ» የሚል ካለ፣ ስፕሊት ተረክቦ ዱብሮቭኒክ የሚያስረክብ ኪራይ ፈልጉ። ጭማሪ ያስከፍላል፤ ግን ሰላም ይሰጣል። ለጀማሪ ቡድን እኔ የምመርጠው ሰሜኑን ነው፦ ትሮጊር፣ ሺቤኒክ፣ ጊዜ ከተረፈ ዛዳር። ሺቤኒክ የሚገባው በገደል መሃል በተሰነጠቀ ጠባብ መተላለፊያ ነው። መጨረሻው ላይ ከተማዋ ድንገት ፊት ለፊት ትከፈታለች። በ1431 ግንባታው የተጀመረው የቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራልም ከውኃው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃችኋል። በመኪና የመጣ ሰው ይህን አያገኝም።

ነፋሱን ሞባይል ላይ ብቻ ማየት

አፑ ቁጥር ይነግራችኋል። የነፋሱን ጠባይ ግን አይነግራችሁም። እዚያ ባሕር ላይ ሦስት ነፋሶችን በስማቸው ማወቅ ግድ ነው።

ማዬስትራል የበጋው ወዳጅ ነው፤ በጋ ስል የአውሮፓውን፣ ከጁን እስከ ኦገስት ያለውን ነው። ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። ረፋዱ ላይ ይጀምራል፣ ከሰዓት ይበረታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይተኛል። ሸራችሁን የምትዘረጉት ለእሱ ነው። ዩጎ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል። ቀስ እያለ ቀናት ወስዶ ይጠነክራል፤ ደመናና ዝናብ፣ ረጅም ማዕበል ያመጣል። ሰውንም ያነጫንጫል። ድሮ ዱብሮቭኒክ ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ ሳለች፣ ዩጎ ሲነፍስ ሕግ አይወጣም ነበር ይባላል። በዩጎ ሁለት ቀን አንድ ወደብ ላይ ተጣብቄ ስለማውቅ ይገባኛል። ሦስተኛውና የሚፈራው ቡራ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከተራራው ላይ ተንደርድሮ ይወርዳል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ተራራው አናት ላይ ነጭ ደመና እንደ ነጠላ ተጣጥፎ ከታየ ቡራ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ዋናው ወቅቱ የአውሮፓው ቀዝቃዛ ክረምት ነው፤ ያኔ አንዳንድ ቦታ ውርጅብኙ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በበጋ ሲመጣ ቆይታው አጭር ነው፤ እናንተን ለመጣል ግን አይሰንፍም።

የኮርቹላ አሮጌ ከተማ ይህን ሁሉ በድንጋይ ጽፋዋለች። በምዕራብ በኩል ያሉት መንገዶች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ማዬስትራል ገብቶ እንዲያቀዘቅዝ። በምሥራቅ በኩል ያሉት ደግሞ ጎበጥ ይላሉ፤ ቡራ ጉልበቱ እንዲሰበር። እኛ ይህን የሰማነው ከተማዋ ደርሰን ነው። ከተማ የሠሩት ሰዎች ነፋሱን አማክረው ሳለ እኛ ኤክሴል ይዘን መጥተናል!

የባሕር ትንበያውን የአገሪቱ የሜትሮሎጂ ድርጅት በየቀኑ ያወጣል። የሪየካ፣ የስፕሊትና የዱብሮቭኒክ ራዲዮ ጣቢያዎችም በቪኤችኤፍ፣ ማለትም ጀልባው ላይ ባለው የመገናኛ ራዲዮ ያነቡታል። ጠዋት ከቡና ጋር ስሙት፤ ከዚያ የት እንደምትሄዱ ወስኑ።

ወደብ ሲገቡ መዘናጋት

ባሕሩ መሃል ላይ እምብዛም አይከፋም። ጉዱ ያለው ወደብ መግቢያው ላይ ነው።

እዚያ ጀልባ በኋላው ነው የሚቆመው፤ መኪና ሪቨርስ ሰጥቶ እንደማቆም። ፊቱ የሚታሰረው ከባሕር ወለል በሚመጣ ገመድ ነው፤ ሙሪንግ ይሉታል። የማሪናው ሠራተኛ አንዱን ጫፍ ያነሣላችኋል። አንድ ሰው ይቀበልና በጎን በኩል እየሳበ ወደ ፊት ይወስደዋል፣ ወጥሮም ያስረዋል። ሲወራ ቀላል ነው።

ትሮጊር ላይ የሆነውን ላሳያችሁ። አንዱ ፎቶ ያነሣል። አንዷ ፌንደሮቹን፣ ማለትም ጎን ላይ የሚንጠለጠሉትን የአየር ትራሶች ታስራለች፤ ሁሉንም በአንድ ጎን። ሙሪንጉን የተቀበለው ጓደኛችን ገመዱ ጭቃና ዛጎል ይዞ ሲወጣ፣ እጁን ቧጨረውና «ኡፍ!» ብሎ ለቀቀው። ሞተሩ ገና ማርሽ ውስጥ ነበር። ገመዱ ወደ ጀልባው ሥር ሰመጠ። ግድግድ የሚል ድምፅ ሰማን፤ ከዚያ ጸጥ። ፕሮፔለሩ (ጀልባውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን አጠፋው። በቡራ ቀን ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ጀልባ ላይ ነበር የምንወጣው። ጠላቂ ተጠርቶ ገመዱ እስኪፈታ፣ ምሳ የሚበሉ ቱሪስቶች ሲያዩን ዋሉ።

አሁን የምናደርገው ይህ ነው። ከወደቡ ውጪ ሩብ ሰዓት እንቆማለን። ፌንደሮች በሁለቱም ጎን፣ የኋላ ገመዶች በየቦታቸው። ሙሪንጉን የሚይዘው ሰው ጓንት ያደርጋል። ገመዱ ከኋላ በኩል ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሆናል። የሚናገረው መሪውን የያዘው ሰው ብቻ ነው። ፎቶው ይቆይ።

ሲመሽ ከተማ ደርሶ ቦታ መፈለግ

ጁላይና ኦገስት ላይ የህቫር ወደብ ገና በቀን ይሞላል። ማታ ደርሶ «ጠጋ በሉልን» የሚባልበት ቦታ አይደለም። ትይዩ ባሉት የፓክሌኒ ደሴቶች ላይ ፓልሚዣና የሚባል ማሪና አለ። ጀልባችሁን እዚያ አቁማችሁ በውኃ ታክሲ ከተማ ግቡ። ዱብሮቭኒክም ያው ነው። አሮጌው ወደብ በፎቶ የምታውቁት ነው፤ ማሪናው ግን ኮሞላትስ ላይ፣ ከአሮጌው ከተማ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቀሪው በአውቶቡስ ነው።

መልህቅ ጥሎ ወዲያው እራት መቀመጥ

መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ጥልቀቱ 5 ሜትር ከሆነ ቢያንስ 25 ሜትር ሰንሰለት ልቀቁ፤ ነፋስ ካለ ጨምሩ። ከላይ ሲታይ ነጣ ያለ ሰማያዊ የሆነው አሸዋ ነው፤ እዚያ ጣሉት። ጠቆር ያለው የባሕር ሣር ነው። መልህቅ አይይዝበትም፤ ሣሩም ይጎዳል። ከዚያ ሞተሩን ወደ ኋላ ሰጥታችሁ ፈትኑት። ዳር ላይ አንድ ዛፍና ከኋላው አንድ ቤት ምረጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዛፉና ቤቱ እንደነበሩ ከሆኑ እራት ቅረቡ።

ስኪፐር (የጀልባ ነጂ) መቅጠርን እንደ ሽንፈት መቁጠር

በክሮኤሽያ ጀልባውን የሚነዳው ሰው መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ከቡድኑ አንድ ሰው ደግሞ የቪኤችኤፍ ራዲዮ ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ከሌላችሁ ስኪፐር ቅጠሩ። ካላችሁም፣ ልምዱ ካልዳበረ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቅጠሩ። ግን የስኪፐሩ መኝታና ምግብ ከእናንተ ነው። «8 ሰው ይይዛል» የሚባል ጀልባ ላይ ሁለቱ መኝታዎች ብዙ ጊዜ የሳሎኑ ጠረጴዛ ዝቅ ተደርጎ የሚሠሩ ናቸው። ስድስት ከሆናችሁ ስኪፐሩን ሰባተኛ አድርጋችሁ ቁጠሩ። እኛ ረስተነው፣ ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ ከቢራ ካርቶናችን ጎን ተኛ።

ትናንሽ የሚመስሉት

ደረቅ ሻንጣ ጀልባ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፤ የሚታጠፍ ቦርሳ ያዙ። መጸዳጃ ውስጥ ወረቀት አይጣልም፤ ቱቦው ጠባብ ነው፤ ሲዘጋ የሚፈታው ደግሞ ዕጣ የወጣበት ሰው ነው። የባሕር ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ከመነሣቱ በፊት ይውሰድ። ካመመው በኋላ ጓዳ ውስጥ አይተኛ፤ ውጪ ተቀምጦ አድማሱን ይይ።

ሂሳብን ለመጨረሻው ቀን መተው

አገሪቱ ከጃንዋሪ 1፣ 2023 ጀምሮ በዩሮ ነው የምትገበያየው። መጀመሪያ ቀን ሁሉም እኩል ያዋጣና አንድ ሰው ይያዘው። ለነዳጅ፣ ለማሪና፣ ለአስቤዛ ከዚያ ይወጣል። መጠጥ ግን ለብቻ ይሁን፤ የማይጠጣ ጓደኛ የሰውን ወይን ሲከፍል ዝም ይላል እንጂ አይረሳም። ጥቂት ጥሬ ገንዘብም ያዙ። ጀልባ የሚታሰርባቸው ተንሳፋፊ ኳሶች ባሉባቸው የባሕር ወሽመጦች፣ አመሻሹ ላይ አስከፋዩ በትንሽ ጀልባ ይመጣል። የምግብ ቤት ኳስ ከሆነ እዚያ እራት በልታችሁ በነፃ የምታድሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

አርብን እንደ ሽርሽር ቀን ማሰብ

ጀልባው ታንኩ ሞልቶ ነው የሚመለሰው። አርብ ከሰዓት የስፕሊት ዙሪያ ጀልባ ሁሉ አንድ ላይ ነዳጅ ማደያ ይሰለፋል። እኛ አንዴ ሰልፉ ላይ በነፋስ እየተሽከረከርን ፀሐይ ጠለቀችብን። ሐሙስ ማታ ሾልታ ደሴት እደሩ፤ ከስፕሊት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። አርብ በማለዳ ተነሥታችሁ ነዳጁን ሙሉ። ከሰዓቱ ስፕሊት ውስጥ ላለው የዲዮቅልጥያኖስ ቤተ መንግሥት ይተርፋችኋል። አዎ፣ ስሙን ከሰማዕታት ገድል የምታውቁት ያው ንጉሥ ነው። በ305 ሥልጣን ለቆ የገባው እዚህ ነበር። ዛሬ ግንቡ ውስጥ ሰዎች ይኖሩበታል፤ ቀና ስትሉ በሮማውያን መስኮት ላይ የተሰጣ ልብስ ታያላችሁ።