ልጁ የሥዕል መጽሐፉን ታሪክ ራሱ እንዲተርክ

ገና ማንበብ ያልጀመረ ልጅ የሥዕል መጽሐፍ ተነብቦለት ሲያበቃ «ታሪኩን ንገረኝ» ቢባል፣ ብዙውን ጊዜ መጨረሻውን ብቻ ተናግሮ ዝም ይላል። ስለዚህ ከንባቡ በፊት በታሪኩ ውስጥ ካሉት ነገሮች በቤት የሚገኙትን አራት ወይም አምስት ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ሲኒ፣ ሽንኩርትና የእንጨት ማንኪያ፣ ሰፌድ ላይ ያስቀምጡ፤ የእያንዳንዱ ሥዕል በገጹ ላይ ብቅ ሲል ልጁ ዕቃውን አንሥቶ በተራ ይደርድረው። መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየነካ ይተርካል፤ ቅደም ተከተሉ ፊቱ ስለተዘረጋለት ሐሳቡን ሁሉ ቃላት ፍለጋ ላይ ያውላል። ሆን ብለው ቢያዘበራርቁበትማ (ደስ የሚለው ይኸኛው ነው) «እንዲህ አይደለም!» ብሎ ራሱ ያርማል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን እንደ ባቄላ፣ አዝራርና ሳንቲም ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ሊያንቁት ስለሚችሉ አይጠቀሙባቸው።