የጦር አስተዳዳሪን የሥራ ዘመን ማጥናት፦ በዊሊያም ብላትዌይት ምሳሌ

በደብረ ብርሃንም ሆነ በመሐል ሜዳ ታሪክ የሚያስተምር መምህር የእንግሊዙን የጦር ጸሐፊ ዊሊያም ብላትዌይትን ለጥናት ቢሰጥ፣ ተማሪዎቹ በቅድሚያ የሚፈልጉት ሰውዬው የተዋጋበትን የጦር ሜዳ ይሆናል። የብላትዌይት መሣሪያ ግን ብዕርና መዝገብ ስለ ነበር ጥናቱ ከሹመቱ መጀመር አለበት።

መጀመሪያ ሹመቶቹን በዘመን ቅደም ተከተል መጻፍ ይገባል። በ1649 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተወለደ፤ በ1675 ወደ ቅኝ ግዛቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ገባ፤ በ1683 የጦር ጸሐፊነቱን ከቀድሞው ሹም በገንዘብ ገዝቶ እስከ 1704 ያዘው። ሹመት መግዛት በዚያ ዘመን የተለመደ ስለ ነበር ተማሪው በዛሬ ሕግ ለመፍረድ አይቸኩል። ዘመን ሲቆጥርም ይጠንቀቅ፤ እንግሊዞች እስከ 1751 ድረስ አዲሱን ዓመት የሚጀምሩት በጌታ ጽንሰት በዓል፣ ማለትም በእኛ መጋቢት 29 ቀን ስለ ነበር፣ በጥርና በየካቲት የተጻፈ ደብዳቤ የአሮጌውን ዓመት ቁጥር ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ጥያቄ ሹሙ በእጁ ምን ነበረው የሚለው ነው። የጦር ጸሐፊው ጦር አይመራም ነበር፤ ክፍለ ጦር ከቦታ ቦታ እንዲንቀሳቀስና ወታደር እንዲሰፍር የሚታዘዝበትን ደብዳቤ ያወጣ ነበር። ከ1689 ወዲህ ንጉሡ በሰላም ጊዜ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ቋሚ ጦር ማቆየት ስለ ተከለከለ፣ ብላትዌይት ከ1693 እስከ 1710 በፓርላማ የባዝ ከተማ እንደራሴ መሆኑ ከጦር ሥራው ተነጥሎ ሊታይ አይገባም። በ1688 ዳግማዊ ጄምስ ከዙፋኑ ሲባረር ጸሐፊው ብዙ ሳይቆይ ለአዲሱ ንጉሥ ለሣልሳዊ ዊሊያም መሥራቱን ቀጠለ፤ በእኔ አስተያየት ያቆየው የመዝገቡንና የአሠራሩን ዕውቀት እንደ እርሱ የያዘ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

ለንጽጽር ከ1900 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው የጦር ሚኒስትር ሆነው በምኒልክ፣ በኢያሱና በዘውዲቱ ዘመን ያገለገሉትን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ማንሳት ይጠቅማል። ሆኖም ፊታውራሪው በ1909 ዓ.ም. እዚሁ ሸኖ አጠገብ፣ ሰገሌ ላይ፣ ራሳቸው ጦር መርተው ስለ ተዋጉ፣ ንጽጽሩ ከሹመት ዘላቂነት አልፎ ወደ ሥራው ዓይነት መሄድ የለበትም።

በመጨረሻ ሀብቱ ይመርመር፤ በእንግሊዝ የሚገኘው የዲርሃም ርስት በሚስቱ በሜሪ ዊንተር በኩል የመጣ ሲሆን፣ በርስቱ ላይ ያለው ታላቁ ቤት ግን እንደ አዲስ የተሠራው እርሱ በሹመት ላይ ሳለ ስለ ሆነ፣ ውርሱና ከሹመት የተገኘው ገቢ በየፊናቸው ይመዝገቡ።