አውትቦክስ ውስጥ ተገትሮ የቀረ ኢሜይል እንዴት ይነሳል?

የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ከነፎቶው አያይዛችሁ ላካችሁ እንበል። ኢሜይሉ ግን የአውትሉክ አውትቦክስ (የሚላኩ ኢሜይሎች ተራ የሚጠብቁበት ማኅደር) ውስጥ ተገትሮ ቀረ። ልታጠፉት ስትሉ «መላክ ጀምሯል» ብሎ እምቢ ይላል። ከኋላው ያሉትም አብረውት ይሰለፋሉ። መሐል ሜዳም ሁኑ ደብረ ብርሃን፣ ኔትወርክ በተንቀራፈፈ ቁጥር የሚገጥም ነገር ነው።

መላው ቀላል ነው። ከላይ «ሴንድ/ሪሲቭ» የሚለውን ከፍታችሁ «ወርክ ኦፍላይን»ን ተጫኑ። ከዚያ ኢሜይሉን ጎትታችሁ ድራፍትስ (የረቂቆች ማኅደር) ውስጥ ክተቱት። አሁንም አልላቀቅ ካለ አውትሉክን ዘግታችሁ ክፈቱት። አውትሉክ በመላክ ላይ ያለ ኢሜይል አያስነካም፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ግን ይለቀዋል።

ቀጥሎ አባሪውን አቅልሉት። ፋይል በኢሜይል ሲሄድ መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይጨምራል። 18 ሜጋባይት ያላችሁት 24 ገደማ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ብዙ ቦታ ደግሞ ጣሪያው 20 ወይም 25 ነው። ሪፖርቱ ወርድ ከሆነ አንዱን ፎቶ ነክታችሁ «ኮምፕረስ ፒክቸርስ» ውስጥ «ኢሜይል»ን ምረጡ። የሁሉም እንዲቀንስ «ለዚህ ፎቶ ብቻ» የሚለውን ምልክት አንሱት። ፎቶዎቹ ለኅትመት ከተፈለጉ ግን አትንኳቸው፤ ጥራታቸው ይወርዳል፣ በፍላሽ ብትልኩ ይሻላል።

ይሄ የሚሠራው በነባሩ የዴስክቶፕ አውትሉክ ነው። ስትጨርሱ «ወርክ ኦፍላይን»ን ደግማችሁ መጫን አትርሱ። እሱ ካልጠፋ የሚወጣም የሚገባም ኢሜይል የለም፤ አለቃችሁ ደግሞ «ለምን አልመለስክም?» ብሎ ይደውላል።