በቤት በተሠራ አነስተኛ ኃይል ሬዲዮ ዲጂታል ግንኙነት ሲያደርጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአማተር ሬዲዮ ልማድ አነስተኛ ኃይል የሚባለው በሞርስና በዲጂታል ሥርጭት ከ5 ዋት ያልበለጠ የማስተላለፊያ ኃይል ነው። 5 ዋት ከ100 ዋት የሚያንሰው በ13 ዴሲቤል (የኃይል ንጽጽር መለኪያ) ብቻ ነው፤ ይህም በመቀበያው የምልክት መለኪያ ላይ ከሁለት እርከን ጥቂት ቢበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጆ ቴይለርና ስቲቭ ፍራንክ ያወጡት ኤፍ ቲ 8 የተባለው የዲጂታል መልእክት ሥርዓት ደግሞ፣ ጫጫታው በ2500 ኸርዝ ስፋት ሲለካ፣ ከጫጫታው በ21 ዴሲቤል ገደማ ያነሰን ምልክት ማንበብ ስለሚችል፣ በቤት የተሠራች ትንሽ ትራንሲቨር (ማስተላለፊያና መቀበያ በአንድነት) አህጉር ተሻግራ መሰማቷ የተለመደ ሆኗል።

ይኸው የሶፍትዌሩ ብርታት ግን የሬዲዮውን ጉድለት ይሸፍናል። በጆሮው የሚሠራ ኦፕሬተር የሚንሸራተት ቃና ወይም የሻከረ ድምፅ ሲሰማ ምን እንደጎደለ ይገምታል፤ ዲጂታል ፕሮግራም ግን መልእክቱን ወይ ያነባል ወይ አያነብም፣ ያላነበበበትን ምክንያትም አይናገርም። ስለዚህ መልስ ያጣ ሰው ጥፋቱን በሞገዱ ሥርጭት ወይም በኃይሉ ማነስ ላይ ይጥላል፤ እኔ እንደማምነው ግን አብዛኛው ችግር የሚገኘው እዚያው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሊለካም ይችላል።

ኃይሉን ሳይለኩ ወደ አንቴና መሄድ

ቦርዱን በይደው የጨረሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚቸኩሉት አንቴና ለመሰካት ነው። ከዚያ በፊት ማስተላለፊያው በባለ 50 ኦም የሙከራ ጭነት (በአንቴና ፋንታ ኃይሉን የሚቀበል ሬዚስተር) ላይ መሞከር አለበት። ውድ መለኪያ አያስፈልግም፤ በጭነቱ ላይ አንድ ዳዮድና አንድ ካፓሲተር አስገብቶ የሞገዱን ጫፍ ቮልቴጅ በተራ መልቲሜትር ማንበብ ይበቃል። የተነበበው ቁጥር ላይ ዳዮዱ የሚያስቀረው ቮልቴጅ ይደመርና፣ ድምሩ በራሱ ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል ኃይሉ በዋት ይገኛል። 5 ዋት በሚሰጥ ማስተላለፊያ ላይ ይህ ድምር 22.4 ቮልት ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። በማስተላለፊያው መውጫ ላይ ያለው ማጣሪያ በትክክል ካልሠራ መለኪያው ዋናውን ምልክት ከሃርሞኒኮቹ (በዋናው ፍሪኩዌንሲ ሁለት፣ ሦስትና ከዚያ በላይ እጥፍ ላይ ከሚወጡት ትርፍ ምልክቶች) ጋር ደምሮ ስለሚያነብ፣ ከተጠበቀው በላይ የሆነ ኃይል የደስታ ምክንያት መሆን የለበትም፤ ማጣሪያውን እንደገና ለመመርመር የሚያስገድድ ምልክት ነው።

በማጣሪያው ላይ መቸኮል

በእነዚህ ቀላል ትራንሲቨሮች ውስጥ ፍሪኩዌንሲውን የሚያመነጨው ኤስ አይ 5351 የተባለው ቺፕ የሚያወጣው ካሬ ሞገድ ነው፤ ኃይሉን የሚያጎለብቱት ትራንዚስተሮችም እንደ ማብሪያና ማጥፊያ የሚሠሩ በመሆናቸው ሃርሞኒኩ የበዛ ነው። የ7.074 ሜጋኸርዝ ሦስተኛ ሃርሞኒክ 21.222 ላይ፣ የ14.074 ሁለተኛ ሃርሞኒክ ደግሞ 28.148 ላይ ይወድቃል፤ ሁለቱም ሌሎች አማተሮች የሚሠሩባቸው ባንዶች ናቸው። የአሜሪካ ደንብ ከ30 ሜጋኸርዝ በታች ያልተፈለጉ ልቀቶች ከዋናው ምልክት ቢያንስ በ43 ዴሲቤል እንዲያንሱ ያዝዛል፤ ይህን ማሟላት የሚቻለው በማጣሪያው ጥራት ብቻ ነው። ኃይሌ ትንሽ ስለሆነ ማንንም አይረብሽም የሚለው ሐሳብ ራሱን ይቃረናል፤ 5 ዋት ውቅያኖስ ከተሻገረ የ5 ዋት ሃርሞኒክም ሩቅ ሊደርስ ይችላል።

የማጣሪያው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው የጥቅሎቹ ሽቦ ከሚጠመጠምባቸው ቀለበት ኮሮች ነው። ቲ 37-2 የተባለው ኮር ቀይ፣ ቲ 37-6 ደግሞ ቢጫ ቀለም አለው፤ መጠናቸው አንድ ቢሆንም በቀዩ ላይ 10 ዙር 0.4 ማይክሮሄንሪ ሲሰጥ በቢጫው ላይ 0.3 ብቻ ይሰጣል። ሙሉ በሙሉ ጥቁር ወይም ግራጫ የሆነ ፌራይት ኮር በስህተት ከገባማ እሴቱ ብዙ አሥር እጥፍ ስለሚሆን ማጣሪያው ጨርሶ አያሳልፍም። ዙር ሲቆጠር ሽቦው በቀዳዳው ውስጥ ያለፈበት እያንዳንዱ ጊዜ አንድ ተብሎ መቆጠር አለበት፤ በውጭ በኩል የሚታየውን ብቻ የሚቆጥር ሰው በአንድ ዙር ይሳሳታል። የሽቦው ሽፋን ተፋቆ ወይም በብየዳ ሙቀት ተቃጥሎ መዳቡ መታየቱንና ቆርቆሮው በትክክል መያዙን በመልቲሜትር ማረጋገጥም ያስፈልጋል። ካፓሲተሮቹ ሙቀት እሴታቸውን የማይለውጠው ሲ ዜሮ ጂ የተባለው ዓይነት ይሁኑ፤ ሌላው ዓይነት በዋጋ ቢረክስም ኃይል ሲያልፍበት ይሞቃል፣ እሴቱም ይሸሻል።

የባትሪውን ቮልቴጅ እንደዋዛ ማየት

ትራንዚስተሩ እንደ ማብሪያና ማጥፊያ በሚሠራበት ክላስ ኢ በተባለው አሠራር በትራንዚስተሩ ላይ የሚወጣው የጫፍ ቮልቴጅ ከመጋቢው ቮልቴጅ 3.56 እጥፍ ገደማ ነው። በእነዚህ ሬዲዮኖች ውስጥ የተለመደው ቢ ኤስ 170 የሚችለው 60 ቮልት ነው። በ12 ቮልት ሲመገብ 43 ገደማ ይደርሳል፤ በ13.8 ቮልት 49 ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ የተሞላ አራት ሴል ሊቲየም አዮን ባትሪ በሚሰጠው 16.8 ቮልት ግን ስሌቱ 60 ላይ ይቆማል። ይህ ሁሉ ጭነቱ 50 ኦም ሲሆን ነው፤ አንቴናው ካልተጣጣመ ቮልቴጁ ከዚያም በላይ ሊዘልና ትራንዚስተሩን በቅጽበት ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ በ9 ቮልት ገደማ፣ የኮረንት መጠኑ በተገደበ መጋቢ ቢደረግ ይመረጣል።

ሙቀትም ከዚሁ ጋር ይታያል። ሞርስ በነጥብና በሰረዝ መካከል ለትራንዚስተሩ እረፍት ይሰጣል፤ ኤፍ ቲ 8 ግን ከእያንዳንዱ የ15 ሰከንድ ዙር ለ12.64 ሰከንድ ያህል ያለማቋረጥ በሙሉ ኃይል ያስተላልፋል፣ ዊስፐር የተባለው የሞገድ ሥርጭት መፈተሻ የዲጂታል ሥርዓት ደግሞ ለ110.6 ሰከንድ። በአጭር ሙከራ ደህና የመሰለ ሬዲዮ በዚህ ጫና ሊቃጠል ይችላል፤ የሙከራው ርዝመት ከእውነተኛው ሥርጭት ርዝመት ማነስ የለበትም።

የድምፁን መጠን በሌላ ሬዲዮ ልማድ ማስተካከል

ከሁሉም የበለጠ መደናገር የማየው በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ለአንዱ የሬዲዮ ዓይነት ትክክል የሆነው ምክር ለሌላው ስህተት ነው።

በኤስ ኤስ ቢ (ለንግግር በሚያገለግለው የአንድ ጎን ሥርጭት) በሚሠራ ትራንሲቨር ከኮምፒዩተሩ የሚመጣው ድምፅ ራሱ ወደ ሬዲዮ ሞገድ ይቀየራል። ድምፁ ከበዛ ማጉያው ይታፈንና የራሱን ሃርሞኒክ ይፈጥራል፤ ለምሳሌ በ700 ኸርዝ የተላከ ድምፅ በ1400 እና በ2100 ኸርዝ ላይ ጥላውን ያወጣል፤ ሌሎች ሰዎች ያንን የጥሪ ምልክት በሦስት ቦታ ያዩታል። መፍትሔው ድምፁን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ በሙከራው ጭነት ላይ ኃይሉን መከታተል፣ ኃይሉ ማደጉን ሲያቆምም መጠኑን ኃይሉ በጥቂቱ እስኪቀንስ ድረስ መመለስ ነው። የድምፁን ፍሪኩዌንሲ ከ1500 እስከ 2000 ኸርዝ መካከል ማድረግም ይረዳል፤ ሁለተኛው ሃርሞኒክ ከ3000 ኸርዝ በላይ ወድቆ በሬዲዮው የኤስ ኤስ ቢ ማጣሪያ ይቀራልና።

በርካታ ቀላል የዲጂታል ትራንሲቨሮች ግን ፈጽሞ በሌላ መንገድ ይሠራሉ። ድምፁ አይተላለፍም፤ ትንሿ ማይክሮኮንትሮለር የድምፁን ፍሪኩዌንሲ ትለካና ቺፑን በዚያው ልክ ታዛለች። እዚህ የድምፁ መጠን ከኃይሉ ጋር ግንኙነት የለውም፣ መታፈኑም ጉዳት የለውም። ጉዳት የሚያመጣው ማነሱ ነው፤ ደካማ ድምፅ ከጫጫታ ጋር ሲቀላቀል ቆጣሪው ሞገዱ ዜሮን የሚያቋርጥበትን ቦታ ይስታል፣ ፍሪኩዌንሲውም ይዘላል። በኤፍ ቲ 8 ስምንቱ ቃናዎች የሚራራቁት በ6.25 ኸርዝ ብቻ ስለሆነ ይህ መዝለል መልእክቱን ያጠፋዋል፤ ኃይል መለኪያው ግን ሙሉ 5 ዋት ማሳየቱን ይቀጥላል። የኤስ ኤስ ቢን ምክር ያነበበና ድምፁን የቀነሰ ሰው በዚህ ምክንያት ብዙ ምሽት ያለ መልስ ሊያሳልፍ ይችላል። በእንዲህ ያለ ሬዲዮ ላይ የኮምፒዩተሩ ድምፅ ወደ ላይ፣ እንዲያውም እስከ መጨረሻው፣ ከፍ ይደረጋል።

ለሁለቱም ዓይነቶች የሚሠራው ይህ ነው፦ የኮምፒዩተሩ የማሳወቂያ ድምፆች በሙሉ ይጥፉ፣ ድምፅ አሳማሪ የሚባሉ ቅንብሮች ይዘጉ፣ በመቀበያው በኩልም ባዶ ባንድ ላይ የሶፍትዌሩ ደረጃ መለኪያ 30 ዴሲቤል ገደማ እንዲያሳይ ይደረግ።

ድምፅን እየቆጠረ የሚሠራው ሬዲዮ ኃይሉ ቋሚ ስለሆነ ፒ ኤስ ኬ 31 የተባለውን ሌላ የዲጂታል ሥርዓት በትክክል ማስተላለፍ አይችልም፤ ፒ ኤስ ኬ 31 የምልክቱን ከፍታ እያለዘበ ዝቅና ከፍ ማድረግን ይጠይቃልና። ቃና ብቻ የሚቀያይሩት ኤፍ ቲ 8፣ ኤፍ ቲ 4፣ ጄ ኤስ 8 እና ዊስፐር ግን ይስማሙታል።

ፍሪኩዌንሲውን አለማስተካከልና መንሸራተቱን አለማየት

ያልተስተካከለ ክሪስታል በሚሊዮን 10 ክፍል ቢሳሳት በ28 ሜጋኸርዝ 280 ኸርዝ ይሆናል። በኤፍ ቲ 8 ይህ እምብዛም አይታወቅም፤ ምልክቱ በ3000 ኸርዝ ገደማ በሆነው መስኮት ውስጥ ይቆያልና። የዊስፐር መስኮት ግን 200 ኸርዝ ብቻ ስለሆነ ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ከመስኮቱ ውጭ ይወድቃል፣ ማንም አያየውም። በኤፍ ቲ 8 የተሳካለት ሬዲዮ በዊስፐር ዝም ሲል በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

መንሸራተት የተለየ ችግር ነው፤ ምንጩም ሙቀት ነው። የኃይል ትራንዚስተሮቹ ከክሪስታሉ አጠገብ ከተቀመጡ እያንዳንዱ ሥርጭት ክሪስታሉን ያሞቀዋል። የዊስፐር ቃናዎች ርቀት 1.46 ኸርዝ ብቻ በመሆኑ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል፤ ደግነቱ የዊስፐር ሪፖርት መንሸራተቱን በደቂቃ ስንት ኸርዝ እንደሆነ ይነግራል። ከተለያዩ ጣቢያዎች የሚመጣው ቁጥር ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበለ ጥፋቱ የማስተላለፊያው ነው። ክሪስታሉን ከሙቀቱ ማራቅ፣ ከነፋስ መከለል፣ ካልሆነም ሙቀት የሚያካክስ ኦሲሌተር መትከል ይቻላል።

ሰዓትን መርሳት

ኤፍ ቲ 8 ሁሉም ጣቢያ በተመሳሳይ የ15 ሰከንድ ምት እንዲሄድ ስለሚጠይቅ የኮምፒዩተሩ ሰዓት ከአንድ ሰከንድ በላይ መሳሳት የለበትም። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ትንሽ የጂ ፒ ኤስ መቀበያ ይህን ይፈታል። እሱም ከሌለ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ የተነበበ ጣቢያ የሚያሳየውን የጊዜ ልዩነት መመልከት ይበቃል፤ ሁሉም ጣቢያዎች ወደ አንድ ወገን ከሰከንድ በላይ የራቁ ከመሰሉ የተሳሳተው የራስዎ ሰዓት ነው።

5 ዋት ወደ ኬብል አይመለስም ብሎ ማሰብ

በጫፉ የሚመገብ ግማሽ ሞገድ አንቴና ለተንቀሳቃሽ ጣቢያ ምቹ ነው፤ ሆኖም በመመገቢያው ጫፍ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስላለ የኬብሉ ውጫዊ ገጽታ የአንቴናው አካል ይሆንና ሞገዱ በዩ ኤስ ቢና በድምፅ ገመዶች በኩል ወደ ኮምፒዩተሩ ይገባል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በሙከራ ጭነት ላይ ያለ እንከን የሠራ ሬዲዮ አንቴና ሲሰካ ኮምፒዩተሩ ግንኙነቱን ያቋርጣል፣ ወይም ማስተላለፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በአንቴናው ኬብልና በገመዶቹ ላይ ፌራይት ማድረግ፣ ገመዶቹንም ማሳጠር አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። በአንጻሩ መሐሉ ላይ የሚመገብ ዳይፖል በዚህ ረገድ ሰላማዊ ነው፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 143 በሜጋኸርዝ ተካፍሎ ይገኛል፣ ለ14.074 ከ10.2 ሜትር ትንሽ ያንሳል።

የኮምፒዩተሩ ቻርጀርም በተቃራኒው አቅጣጫ መቀበያውን ይረብሻል። ቻርጀሩን ነቅሎ የጫጫታው ደረጃ ምን ያህል እንደወረደ ማየት ቀላል ፈተና ነው።

የሰሙት ሁሉ ይሰማኛል ብሎ መጥራት

የኤፍ ቲ 8 ሪፖርት የሚጠቅም ስሌት በውስጡ አለው። 100 ዋት የሚያስተላልፍ ጣቢያ በእርስዎ ዘንድ ሲቀነስ 5 ዴሲቤል ሆኖ ከተነበበና የሁለታችሁ ጫጫታ ተመሳሳይ ከሆነ፣ የእርስዎ 5 ዋት እዚያ የሚደርሰው በ13 ዝቅ ብሎ፣ ሲቀነስ 18 ላይ ነው፤ ይህ ይነበባል። ሲቀነስ 12 የሚታየውን ጣቢያ ቢጠሩ ግን ሲቀነስ 25 ላይ ይወድቃሉ፣ ይህም ከንባብ ገደቡ በታች ነው። ስለዚህ ከሲቀነስ 8 በላይ የሚታዩትን ማስቀደም ከብዙ ከንቱ ጥሪ ያድናል። በሚጠሩት ጣቢያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሌሎችም ስለሚጎርፉ ባዶ ቦታ ፈልጎ ከዚያ መጥራት ይሻላል። ሆኖም ቀጥታ ለዋጭ መቀበያ ያላቸው ሬዲዮኖች ከ14.074 በታች ያለውንም ገልብጠው ስለሚያሳዩ፣ በሶፍትዌሩ የፍሪኩዌንሲ ምስል ላይ የሚታየው መስመር ሁሉ እውነተኛ ጣቢያ አይደለም፤ በኤፍ ቲ 8 የ15 ሰከንድ ምት የማይሄድ ቀጭን ተከታታይ መስመር ካዩ ከ14.070 አካባቢ የመጣ የፒ ኤስ ኬ 31 ሥርጭት ሊሆን ይችላል።

በዊስፐር ደግሞ ከመልእክቱ ጋር የሚላከው የኃይል መጠን ትክክለኛው መሆን አለበት። የሚጻፈው ከ1 ሚሊዋት በስንት ዴሲቤል እንደሚበልጥ ነው፤ 5 ዋት 37 ተብሎ፣ 200 ሚሊዋት 23 ተብሎ ይጻፋል፤ ሪፖርቱን የሚያነጻጽሩት ሌሎች አማተሮች የሚተማመኑት በዚህ ቁጥር ስለሆነ፣ በሶፍትዌሩ ላይ ተጽፎ የተገኘውን መተው ሳይሆን በሙከራው ጭነት ላይ የተለካውን ማስገባት ይገባል።