«ገባዎት?» ብሎ መሸኘት፦ ነርስ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የመድኃኒት ስህተቶች

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የልብ ድካም ያለባቸውን አንዲት እናት ከዋርድ ወደ ቤት የሸኘሁት እኔ ነበርኩ። ፉሮሰማይድ ታዞላቸዋል። ጠዋት ጠዋት አንድ ክኒን ይዋጡ፣ ሽንት ያበዛል፣ ጨው ይቀንሱ፣ በየቀኑ ይመዘኑ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አንድም አልረሳሁም። በመጨረሻ «እማማ፣ ገባዎት?» አልኳቸው። «አዎ ልጄ፣ ገብቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ካርዱ ላይ «ትምህርት ተሰጥቷል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

በስድስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ሲቆሙ ያዞራቸዋል፣ ምላሳቸው ደርቋል፣ ፖታሲየማቸው ወርዷል። ቦርሳቸውን ስንከፍት ሁለት መድኃኒት አገኘን። አንዱ እኛ የሰጠናቸው ፉሮሰማይድ ነው። ሌላው ድሮ ታዞላቸው ቤት የነበረ ላሲክስ። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ የተለያየው ስማቸው ብቻ ነው። እሳቸው ግን ይህን በምን ያውቃሉ? አንዱን የድሮ፣ አንዱን አዲስ ብለው በየቀኑ ሁለቱንም ሲውጡ ሰንብተዋል። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ምን መድኃኒት እንዳላቸው አልጠየቅኩም።

ክፍል ውስጥ «መድኃኒት አሰጣጥ» እና «የታካሚ ትምህርት» ሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ናቸው። ዋርድ ላይ ግን አንድ ነገር ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ አንድ ክኒን ሐኪሙ፣ ፋርማሲስቱና ነርሷ አይተውት ነው ታካሚው ጋ የሚደርሰው። ቤት ሲገባ የሚያየው ታካሚው ብቻ ነው። እኛ ሳናስረዳ ያለፍነውን ነገር እዚያ የሚይዝልን ሰው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ከባድና ሊወገድ የሚችል የመድኃኒት ጉዳትን በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ብሎ ዓለም አቀፍ ዘመቻ የጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አንዳንዶቹ የእጅ፣ አንዳንዶቹ የአፍ ናቸው። እኔ ለይቼ አላያቸውም።

ታካሚውን በአልጋ ቁጥር ማወቅ

ታካሚ አልጋ ይቀይራል። «የአራት ቁጥሩ» ብላችሁ ያዘጋጃችሁት መርፌ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ሊያገኝ ይችላል። ቢያንስ ሁለት መለያ ያስፈልጋል፦ ሙሉ ስም፣ ከዚያ የልደት ቀን ወይም የካርድ ቁጥር። አጠያየቁም ወሳኝ ነው። «አቶ እከሌ ነዎት?» ስትሉት ጆሮው የከበደ ወይም የተጨነቀ ሰው ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» በሉ።

ዜሮንና ነጥብን መናቅ

አንድ ሚሊግራም ለመጻፍ 1.0 ከጻፋችሁ ነጥቧ ስትደበዝዝ 10 ትሆናለች። ግማሽ ሚሊግራምን .5 ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ 5 ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ዜሮ አይጻፍም፤ ከነጥብ በፊት ግን ዜሮ ይጻፋል። 1 እና 0.5። በቃ።

ኢንሱሊን ላይ ነገሩ ይብሳል። «ዩኒት» የሚለውን ቃል በአንድ የላቲን ፊደል (U) ማሳጠር የተለመደ ነው። ፊደሏ በእጅ ስትጻፍ ዜሮ ትመስላለች። 4 ዩኒት 40 ሆኖ ቁጭ ይላል። ቃሉን ሙሉውን ጻፉት፤ ሁለት ሰከንድ ነው የሚወስደው። ኢንሱሊን የሚቀዳው ደግሞ በኢንሱሊን ሲሪንጅ ብቻ ነው። የተለመደው ኢንሱሊን በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለው። 10 ዩኒት ማለት 0.1 ሚሊ ሊትር ነው፤ በተራ ሲሪንጅ ዓይን የማይሞላ ጠብታ።

ሌላ ነርስ ታረጋግጥላችሁ ስትሉም «ይኸው 8 ዩኒት፣ ልክ ነው አይደል?» አትበሉ። መልሱን ነግራችኋት ምን ታረጋግጣለች? ትዕዛዙን ስጧት፣ ራሷ ታስላ፣ ሲሪንጁን ራሷ ታንብብ። ከዚያ ሁለታችሁ ያገኛችሁትን አስተያዩ።

በሚሊ ሊትር ማስታወስ

ይህን ተማሪዎች ሁሉ ይሠሩታል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በኪሎ 15 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ታዘዘለት እንበል። 12 በ15 ሲባዛ 180 ሚሊግራም ነው። ያላችሁ ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ከሆነ 180ን ለ120 ታካፍሉና በ5 ታባዛላችሁ፤ 7.5 ሚሊ ሊትር። ልክ ነው።

በማግስቱ ፋርማሲው ሌላ ብልቃጥ ላከ። መልኩ ያው፣ መድኃኒቱም ያው። ጽሑፉ ግን በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊግራም ይላል። እናንተ «ይሄ ልጅ 7.5 ነው» ብላችሁ ትቀዳላችሁ። ልጁ 375 ሚሊግራም አገኘ ማለት ነው፤ በኪሎ ከ31 ሚሊግራም በላይ። ትክክለኛው 3.6 ሚሊ ሊትር ነበር። ጭንቅላታችሁ ውስጥ የሚቀመጠው ሚሊግራሙ ይሁን፤ ሚሊ ሊትሩን ብልቃጡ እጃችሁ ላይ ሳለ በየጊዜው አስሉት። መልሳችሁ ለአንድ ዶዝ አራት አምፑል ወይም አምስት ክኒን ካለም ቆም በሉና እንደገና አስሉ። ብዙውን ጊዜ የሳተው ስሌቱ ነው።

ለወላጅም ይኸው ነው የሚነገረው። «አንድ ማንኪያ ስጪው» አይባልም። የቤት ማንኪያ አንዱ ትልቅ ሌላው ትንሽ ነው። ሲሪንጅ ወይም የመድኃኒቱን መለኪያ ስጧትና መስመሯን በእስክርቢቶ አስምሩላት። ከዚያ በውኃ ቀድታ ታሳያችሁ።

ሳይለኩ መስጠት

ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት የልብ ምት በደረት ላይ ሙሉ 1 ደቂቃ ይቆጠራል። አዋቂ ላይ ከ60 በታች ከሆነ አትስጡ፤ ለሐኪሙ ንገሩ። ሞርፊን ከሆነ አተነፋፈስ ይታያል። ማግኒዚየም ሰልፌት ላይ የጉልበት ሪፍሌክስ፣ አተነፋፈስና የሽንት መጠን ይታያሉ፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገባችሁ ይዘጋጅ። ፖታሲየም ክሎራይድ ደግሞ በምንም ዓይነት ሁኔታ ሳይበረዝ በደም ሥር ተገፍቶ አይሰጥም። ልብ ያቆማል።

ሁሉንም ክኒን መፍጨት

መዋጥ ያቃታቸው ወይም በአፍንጫ ቱቦ የሚመገቡ ታካሚዎች ሲኖሩ እጅ ወደ መፍጫው ይሮጣል። ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ኒፈዲፒን (የደም ግፊት መድኃኒት) ከተፈጨ የሰዓታት መድኃኒት በአንዴ ይለቀቃል፤ የደም ግፊቱ ይወድቃል። በጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ የተሸፈነ ክኒንም መሸፈኛው ከተሰበረ ትርጉም የለውም። ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ ሽሮፕ ወይም ሌላ አማራጭ ሊኖር ይችላል።

«ይሄ የእኔ አይደለም» ሲባል ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት

ጠዋት ነው፣ ትሮሊው ሙሉ ነው፣ ራውንድ ሊጀመር ነው። አንድ አባት ክኒኑን መዳፋቸው ላይ ያገላብጡታል።

«ሲስተር፣ የእኔ ነጭ ነበረች።»

«ፋብሪካው ተቀይሮ ነው አባባ፣ ይዋጧት።»

ይህን መልስ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ፋብሪካው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ግን ይህን የምታውቁት ካርዱን ገልጣችሁ ካያችሁ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። እኔ አንድ ቀን ገልጬ ሳየው ስሙ ያው፣ የአባት ስም ያው ሆኖ የአያት ስም ሌላ ነበር። በአንድ ዋርድ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ስም። እጄን ዘርግቼ ክኒኑን ከመዳፋቸው ስወስድ ልቤ ድንግጥ አለ። ለዓመታት አንድ ክኒን ሲውጥ የኖረ ሰው መልኩን ያውቃል። ሲጠራጠር አመስግኑት፤ ክኒኑን መልሳችሁ ያዙና ከመጀመሪያው አረጋግጡ። በሌላ ቀን ዝም እንዳይል የሚያደርገውም ያ ምስጋና ነው።

ቀድሞ መፈረም፣ ሌላ ሰው የቀዳውን መስጠት

ሳትሰጡ አትፈርሙ። ታካሚው ሊያስመልሰው ወይም እንቢ ሊል ይችላል። ራሳችሁ ያልቀዳችሁትን፣ ስም ያልተጻፈበትን ሲሪንጅ ደግሞ ማንም ይዘዛችሁ አትስጡ። ጣሉትና እንደ አዲስ ቅዱ።

«ገባዎት?»

ወደ እኚያ የልብ ድካም ወደነበረባቸው እናት ልመለስ። «ገባዎት?» ስንል መልሱን አብረን እየሰጠን ነው። ታካሚው አልገባኝም ቢል ሞኝ የሚባል ይመስለዋል፤ እኛም የቸኮልን መሆናችንን ያያል። በይሉኝታ «አዎ» ይላል።

ሁለተኛ ጊዜ ስሸኛቸው ቦርሳውን አልጋው ላይ ዘረገፍነው። ከዚያ እንዲህ አልኳቸው፦ «እማማ፣ በደንብ ማስረዳቴን እርግጠኛ መሆን ፈልጌ ነው። ነገ ጠዋት ሲነሱ የትኛውን ነው የሚውጡት? ያሳዩኝ።» ፉሮሰማይዱን አነሱ። ደግ። ቀጥለው እጃቸው ወደ ላሲክሱ ሄደ። ያ ሁሉ ሆኖ እንኳ እጃቸው ወደዚያው ሄደ! «ይቺ ያቺው ናት እማማ፤ ስሟ ነው የተለየው። ሁለቱ ከተዋጡ እንደ ባለፈው ነው የሚያደርግዎት» አልኳቸው። ላሲክሱን ለብቻ አስቀመጥን። እንደገና ከመጀመሪያው አሳዩኝ። 20 ደቂቃ ወሰደብን።

ታካሚው በራሱ ቃል ይንገራችሁ፣ በራሱ እጅ ያሳያችሁ። ሲሳሳት የተፈተነው የእናንተ አገላለጽ ነው፤ ስለዚህ ቃል ቀይሩና እንደገና አስረዱ። በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት በወሬ አይማሩትም። መጀመሪያ አየር ያወጣል? እየሳበ ነው የሚጫነው? ወደ 10 ሰከንድ ያህል ትንፋሹን ይይዛል? ስቴሮይድ ካለበት ከዚያ በኋላ አፉን ይጉመጠመጣል? ካልሆነ አፉ ውስጥ ፈንገስ ይበቅላል።

ትዕዛዝ ብቻ ሰጥቶ ምክንያቱን መተው

«ቴትራሳይክሊንን በወተት እንዳትውጥ» ብትሉት ይረሳል። «ወተቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል፤ ሰውነትህ አያገኘውም» ካላችሁት ግን የካልሲየም ክኒንም ሲታዘዝለት ራሱ ይጠይቃል። ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስደውም እንዲሁ። ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ ከአይረንና ከካልሲየም ደግሞ 4 ሰዓት ይራቅ።

ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን ላይ ብዙ ተማሪ «ጎመን አይብሉ» ይላል። ይህ ስህተት ነው። ቫይታሚን ኬ ያለባቸው አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠሎች አይከለከሉም፤ መጠናቸው ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ ነው የሚፈለገው። አንድ ወር ትቶ በሚቀጥለው ወር በየቀኑ የሚበላ ሰው የደም መርጋት ምርመራ ውጤቱ ከፍ ዝቅ ይላል። የሕመም ማስታገሻ ሲያስፈልገው ኢቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን በራሱ እንዳይወስድም ንገሩት፤ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ።

የጎንዮሽ ጉዳትን መደበቅ ወይም ሁሉንም ማንበብ

አንዳንዱ «ይፈራና ይተወዋል» ብሎ ምንም አይናገርም። አንዳንዱ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ያነባል። ሁለቱም ታካሚውን አይጠቅሙም። ሁለት ነገር ለዩለት፦ ምን ቢያይ እንደማይደነግጥ፣ ምን ቢያይ እንደሚሮጥ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ቀይ ያደርጋል። ያልተነገረው ሰው ደም ነው ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ይምጣ። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ከሆነች ደግሞ ሪፋምፒሲን ክኒኑን እንደሚያዳክመው ሳትነግሯት እንዳትሸኟት። የደም ግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪልም እንዲሁ ነው። ደረቅ ሳል ካመጣ በቀጠሮው ይናገር። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ስህተትን መደበቅ

ተማሪ ናችሁ፤ መፍራታችሁ አይገርመኝም። ግን ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። መጀመሪያ ታካሚውን እዩ፣ ለኩ። ወዲያው ለሐኪሙና ለኃላፊያችሁ ንገሩ። የሆነውን፣ የሆነበትን ሰዓትና ያደረጋችሁትን ብቻ ካርዱ ላይ ጻፉ። የአደጋ ሪፖርት ቅጽ ሙሉ። አንድ ሰዓት ስትደብቁ ታካሚው ያጣው አንድ ሰዓት ነው።

የእኚያን እናት ነገር ለኢንስትራክተሬ የነገርኳት እንባዬ እየመጣ ነው። አልተቆጣችም። መሸኛ ቅጹን አምጪ አለችኝ፤ አብረን አየነው። ስለ ቤት መድኃኒት የሚጠይቅ ቦታ አልነበረውም። በወሩ ከፊርማው በላይ አንድ መስመር ተጨመረበት፦ «ቤት ያሉ መድኃኒቶች ታይተዋል?»