የማታውቁት ፕሮሰስ ሲሠራ ብታዩ፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ቶሎ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»፤ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን። በዚህ መልስ የተነሳ የመመረቂያ ጽሑፉን ያጣ ተማሪ አይቻለሁ፤ የጥምቀት ፎቶዎቹን በሙሉ ያጣ ፎቶ ቤትም አይቻለሁ። የሚያንገበግበው ደግሞ፣ ተጠርጥሮ ያን ሁሉ ያስጠፋው ፕሮሰስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ውስጥ እየሠራ ያለው ፕሮግራም፣ ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ የራሱ ሆኖ መገኘቱ ነው። እውነተኛው ቫይረስ በበኩሉ የታወቀ ስም ለብሶ ለወራት ማንም ሳይነካው ይቀመጣል።

እንግዳ ሰው ደጃችን ሲመጣ ስሙን ብቻ ሰምተን አናስገባም። ከየት መጣህ፣ ዋስህ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነህ፣ ምን ብለው ላኩህ እንላለን። ለማላውቀው ፕሮሰስም የማቀርበው እነዚህኑ ጥያቄዎች ነው።

ከየት ነው? ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና እየሠሩ ያሉትን ፕሮሰሶች የሚዘረዝረውን ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ። የጠረጠራችሁት ስም ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በሉ። የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች አብዛኞቹ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ባለው ሲስተም 32 ይገኛሉ። «ሰርቪስ ሆስት» (የዊንዶውስን የጀርባ አገልግሎቶች የሚያስኬደው ፕሮሰስ) ነኝ እያለ ዳውንሎድስ ወይም ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ከተገኘ አስመሳይ ነው። ፊደሉንም ልብ በሉ፦ ትንሹን ኤል በትልቁ አይ ተክተው የዊንዶውስን ስም የሚኮርጁ አሉ፤ በዓይን አይለዩም። ፕሮግራሞች የየተጠቃሚውን ፋይሎች በሚያስቀምጡበት አፕዳታ ፎልደር ውስጥ መገኘት ብቻውን ግን ወንጀል አይደለም፤ ሁላችንም የምንጠቀምበት የኮምፒውተሩ ቴሌግራም ራሱ ብዙ ጊዜ የሚጫነው እዚያ ነው።

ዋሱ ማን ነው? ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ»። የሚታወቅ ድርጅት ፊርማ ካለበት ጥርጣሬው ይቀንሳል። አንዳንድ የዊንዶውስ ፋይሎች ፊርማቸው በሌላ ካታሎግ ፋይል ስለሚቀመጥ ይህ ገጽ ጭራሽ ላይታያችሁ ይችላል። ስለዚህ ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠውን ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር አውርዱ፤ «ቬሪፋይ ኢሜጅ ሲግኔቸርስ» የሚለውን ስታበሩ ካታሎጉንም አይቶ ያረጋግጣል። ማን ማንን እንዳስነሳም እንደ ዘር ሐረግ ደርድሮ ያሳያል፦ እውነተኛው ሰርቪስ ሆስት የሚነሳው ከ«ሰርቪስስ» ፕሮሰስ ሥር ነው።

ፋይሉን ቫይረስቶታል በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ማስመርመርም ይቻላል፤ ከ70 በላይ በሆኑ የጸረ ቫይረስ መመርመሪያዎች ያስፈትሻል። ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር ከዚሁ አገልግሎት ጋር ስለሚገናኝ የፋይሉን አሻራ (ፋይሉን ለይቶ የሚያሳውቅ አጭር ኮድ) ብቻ ልኮ ውጤቱን ያመጣላችኋል፤ ለዳታችሁም ይቆጥባል። ስሙ ያልታወቀ አንድ መመርመሪያ ብቻ ቀይ ቢያሳይ አትደንግጡ፤ ብዙዎቹ ከተስማሙ ግን ጉዳዩ አልቋል። የጥናት ጽሑፋችሁን ወይም የመታወቂያ ቅጂ እዚያ አትጫኑ፤ የተጫነ ፋይል ለሌሎች ተመራማሪዎችም ይደርሳል።

ምልክት፦ ሰርቪስ ሆስት በደርዘን ተደርድሯል

ይህ በሽታ አይደለም። ከ2017ቱ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ ራሙ ከ3.5 ጊጋባይት በላይ በሆነ ኮምፒውተር ላይ አብዛኞቹ አገልግሎቶች በየራሳቸው ፕሮሰስ ይሠራሉ። ተዉት።

ምልክት፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ይንገዳገዳል፣ ዳታም ያልቃል

«ዊንዶውስ ሞጁልስ ኢንስቶለር ዎርከር» ሲፒዩውን ይዞት ካያችሁ አፕዴት እየተጫነ ነው፤ መብራት ያቋረጠውን እየቀጠለ ሊሆንም ይችላል። «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክሴኪዩታብል» ከሆነ ደግሞ የዊንዶውስ ዲፌንደር ራሱ እየፈተሸ ነው፤ ጠባቂያችሁን አትግደሉት። ሁለቱም ጊዜ ከተሰጣቸው ይረጋጋሉ። የሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ ዋይፋዩ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ «ሜትርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩት፤ ከዚያ ወዲህ ዊንዶውስ ትልልቅ አፕዴቶችን በራሱ አያወርድም። ፓኬጃችሁን የጨረሰው ቫይረስ ሳይሆን ይህ አፕዴት ሊሆን ይችላል።

ምልክት፦ ፍላሽ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አካባቢ ባሉ የኅትመትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ብዙ ሰው የሚያጠቃው ይህ ነው። በምርቃት ሰሞን አንድ ኮምፒውተር ላይ በቀን ስንትና ስንት ፍላሽ ይሰካል፤ አንዱ ታሞ ከመጣ ሌሎቹን በሙሉ ይበክላል።

አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ታስክ ማኔጀሩን እያሳየችኝ፣ «ወንድሜ፣ ይሄማ የማይክሮሶፍት ነው ይላል እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያሳየችኝ «ዊንዶውስ ቤዝድ ስክሪፕት ሆስት»፣ ስክሪፕት የሚባሉ የትእዛዝ ፋይሎችን የሚያስኬደው፣ ሲስተም 32 ውስጥ ነው፤ ፊርማውም የማይክሮሶፍት ነው። «ልክ ነሽ እህቴ፣ ግን ምን ታዞ እንደሚሠራ እንየው» አልኳትና «ዲቴይልስ» በሚለው ገጽ የዓምዶቹ ርእስ ላይ ራይት ክሊክ አድርጌ «ሴሌክት ኮለምስ» ውስጥ «ኮማንድ ላይን» የሚለውን አበራሁ። ትእዛዙ ወጣ፦ መስመሩ የሚያልቀው አፕዳታ ፎልደር ውስጥ ባለ፣ ስሙ የፊደል ትርምስ በሆነ የቪቢኤስ (ስክሪፕት) ፋይል ነበር። ፕሮሰሱ ንጹሕ፣ የተሰጠው ትእዛዝ ግን መርዝ። ፓወርሼልና ራንዲኤልኤል 32 የሚባሉት የዊንዶውስ የራሱ ፕሮግራሞችም እንዲሁ ለክፉ ሥራ ይላካሉ፤ ስለዚህ ለእነዚህ ቦታና ፊርማ ማየት ብቻ አይበቃም።

መፍትሄው ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ፍላሹን ንቀሉ። ከኮማንድ ላይኑ ላይ የፋይሉን ቦታ ጻፉ፤ ፕሮሰሱን ከዘጋችሁት በኋላ ፍንጩ አብሮ ይጠፋል። አሁን «ኤንድ ታስክ» በሉና የቪቢኤሱን ፋይል አጥፉ። ታስክ ማኔጀር ላይ «ስታርትአፕ» የሚለውን ገጽ አይታችሁ እሱን የሚያስነሳ ነገር ካለ ዝጉት። ከዚያ ኮምፒውተሩን በዲፌንደር ፈትሹ፤ ፍላሹንም ሰክታችሁ ሾርትከቶቹን ሳትከፍቱ አስፈትሹት። ሰነዶቻችሁ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። በፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምረጡ፤ «ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ፤ ሁሉም ይወጣሉ። ወደ ንጹሕ ቦታ ገልብጧቸው።

ምልክት፦ ምንም ሳትሠሩ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ታስክ ማኔጀር ስትከፍቱ ጸጥ ይላል

ክሪፕቶ የሚቆፍር፣ ማለትም በኮምፒውተራችሁ ጉልበት ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት፣ ፕሮግራም መሆኑን ጠርጥሩ፤ አንዳንዶቹ ታስክ ማኔጀር ሲከፈት ሥራቸውን ያቆማሉ። የሚገባበት መንገድ ብዙ ጊዜ አክቲቬተር ወይም ክራክ ነው፤ ማለትም የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያስከፍት መሣሪያ። «መጀመሪያ ዲፌንደርን አጥፉ» የሚል መመሪያ ያለው ክራክ፣ አብሮት የመጣውን ሁሉ ያለ ፈታሽ ያስገባል። እጄ ላይ ከሚመጡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከሻጩ ዘንድ በዚህ መልኩ አክቲቬት ተደርገው የመጡ ናቸው፤ ገዢው አያውቅም፣ ጥፋቱም የእሱ አይደለም።

ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቱ፤ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ «ማኔጅ ሴቲንግስ»፣ ከዚያ ታች «ኤክስክሉዥንስ» ውስጥ ግቡ። እናንተ ያላስገባችሁት ፎልደር እዚያ «አይፈተሽ» ተብሎ ከተመዘገበ ሌባው የተደበቀው እዚያ ነው። ከዝርዝሩ አውጡት። ኢንተርኔት አጥፉ፤ ከስካን አማራጮች «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ባትሪያችሁ ሞልቶ ይሁን፤ ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት የሚረጋጋበትን ሰዓት ምረጡ። የይለፍ ቃላችሁን ከሌላ ንጹሕ ስልክ ላይ ቀይሩ፤ ከባንክና ከኢሜይል ጀምሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፕሮሰሱ ተመልሶ ከመጣ «ታስክ ስኬጁለር»ን ክፈቱና በሰዓት ወይም በመግቢያ ጊዜ የሚያስነሳውን ትእዛዝ ፈልጉ። እሱም ካልሆነ ያኔ ፎርማት ይደረግ። ከዚያ በፊት ግን ጽሑፍ፣ ፎቶና ሠንጠረዥ ብቻ ወደ ውጭ ሃርድዲስክ ይገልበጡ፤ የፕሮግራም መጫኛዎችና ክራኮች አብረው አይሂዱ፤ ዊንዶውሱም ከማይክሮሶፍት በወረደ ፋይል ይጫን።